የአሥር ሰው ፊርማ

«ፈጣን ምግብ» የሚለው አባባል ሲነሣ የብዙ ተማሪዎች ሐሳብ ባሕር ተሻግሮ ይሄዳል። በፊልም እንደሚታየው፣ ሠራተኞቹ አንድ ዓይነት ኮፍያ ደፍተው ዳቦና ሥጋ በወረቀት ጠቅልለው የሚያቀብሉበት፣ መብራቱ የደመቀ ቤት በዓይነ ኅሊናቸው ይደቀናል። እንዲህ ያለ ዓለም አቀፍ ስም የያዘው ፒዛ ሀት በአዲስ አበባ ደጁን የከፈተው በ2010 ዓ.ም. ነው። ይሁን እንጂ ለሚቸኩል ሰው ምግብ አፋጥኖ ማቅረብ በአገራችን ከዚያ በፊትም የነበረ፣ ብዙ ሰውም የሚተዳደርበት ሥራ ነው። ይህን ለመረዳት ዲላን በማለዳ ማየት ይበቃል።

ዲላ የጌዴኦ ዞን ዋና ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ 360 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከሐዋሳ ደግሞ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደ ሞያሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ትገኛለች። በዙሪያዋ ያለው አገር ቡናው፣ እንሰቱና ታላላቁ ዛፍ በአንድ ማሳ ላይ ተደጋግፈው የሚበቅሉበት ነው፤ ይህም የጌዴኦ መልክዓ ምድር በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። ስመ ጥሩው የይርጋ ጨፌ ቡና ወደ መሐል አገር የሚጓዘው በዚሁ አውራ ጎዳና ነው። ቡና በሚሄድበት መንገድ ሾፌር ይሄዳል፤ ነጋዴ ይሄዳል፤ ከወረዳ ለጉዳይ የመጣ ገበሬና የዩኒቨርሲቲው ተማሪም ይሄዳል። ለእነዚህ ሁሉ በመናኸሪያው አካባቢና በዋናው መንገድ ግራና ቀኝ ቁርስ ቤቶች ተደርድረውላቸዋል። ፉል፣ ጨጨብሳ፣ ፍርፍር፣ ሳምቡሳ፣ እንቁላል በዳቦ እዚያ ይገኛል። የአቮካዶ ጭማቂው ግን፣ ፍሬው የአገሬው ነውና፣ በዲላ እንደሚጠጣው ሆኖ ሌላ ከተማ አልገጠመኝም።

በዚህች ከተማ አማርኛ ባስተማርሁባቸው ዓመታት ቁርሴን የምበላው በእነዚሁ ቤቶች ነበር። ከወንበሬ ሆኜ የማየውን ነገር ግን ለረጅም ጊዜ ሥራ ብዬ አልጠራሁትም፤ የቤት ውስጥ ጉድ ጉድ ይመስላል። አስተናጋጇ የደረሰችበትን ሰዓት የሚመዘግብ ሰው የለም። ምድጃው የሚለኮሰው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ነው፤ የማለዳው አውቶቡስ ተሳፋሪ ሳይበላ እንዳይሄድ። ወለሉ ታጥቦ ወንበሩ የሚገለበጠው ደግሞ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ነው። በመካከሉ ያለውን ሰዓት የሚቆጥር ይቍጠረው። ከአስተናጋጆቹና ከዕቃ አጣቢዎቹ አብዛኞቹ ከቡሌ፣ ከወናጎ፣ ከገደብና ከኮቸሬ ገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች ነበሩ። ቡና በሚደርስበት ወራት በየመጋዘኑ ተቀምጠው ጥቁሩንና የተሰበረውን ፍሬ በእጃቸው ይለቅማሉ፤ ሒሳቡም በለቀሙት ልክ ነው። ወራቱ ሲያልፍ ወደ ቁርስ ቤት ይገባሉ። ቡናውም ቁርሱም ያለ እነርሱ እጅ አይሆንም፤ ስማቸው ግን በየትኛውም ቦታ ተጽፎ አላየሁም።

በ2012 ዓ.ም. መግቢያ ላይ አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ከቤቴ መጣች። አሥረኛ ክፍል ላይ ትምህርቷን አቋርጣ በአንድ ቁርስ ቤት አስተናጋጅ ሆና ነበር። ጊዜው መሽቷል፤ ሦስቱም የመጡት ሥራ ጨርሰው ነውና ከልብሳቸው የዘይትና የሽንኩርት ሽታ ይወጣ ነበር። «መምህር፣ አማርኛው ትክክል መሆኑን ይዩልን» አለችና ከደብተር የተገነጠለ ወረቀት ሰጠችኝ። ለአሠሪያቸው የተጻፈ ማመልከቻ ነው። አጀማመሩ «እኛ ምስኪን ልጆችዎ ከእግርዎ ሥር ወድቀን እንዲያዝኑልን እንለምናለን» ይላል።

የጠየቁት ነገር አራት ነበር። በሳምንት አንድ ቀን ዕረፍት እንዲኖራቸው፤ ለተሰበረ ብርጭቆና ሳይከፍል ለወጣ ደንበኛ ከደመወዛቸው እንዳይቆረጥ፤ ደመወዛቸው በወር መጨረሻ ሳይዘገይ እንዲከፈላቸውና እንዲጨመርላቸው። የደመወዛቸውን መጠን ስሰማ ለጊዜው ዝም አልሁ። የወሩ ደመወዝ የቤት ኪራይን ከፍሎ የሚያተርፈው እጅግ ጥቂት ነው፤ ኑሯቸው የተንጠለጠለው ደንበኛ በሚተውላቸው ጉርሻ ላይ ነው። ዕቃ አጣቢዋ ደግሞ ከጓዳ ስለማትወጣ ጉርሻም የላት። ብርጭቆ የምትሰብረውም፣ ዕዳው የሚወድቅባትም ይህችው ናት።

ስለ ቋንቋው መነጋገር ጀመርን። ልመና ከሰጪው ርኅራኄን ይፈልጋል፤ ጥያቄ ግን መልስን ይፈልጋል። «እንለምናለን» ያለ ሰው ባይሰጠው ሊቀየም አይችልም፤ «እንጠይቃለን» ያለ ሰው ግን «አዎን» ወይም «አይሆንም» የሚል ቃል ይጠብቃል። እንዲሁም «ይሰጠን» የሚለው ግሥ ለስጦታ ነው፤ ለሠሩበት ዋጋ «ይከፈለን» ማለት ይገባል። «ምስኪን» የሚለውን ቅጽል እነርሱ ራሳቸው ሰረዙት። «ልጆችዎ» የሚለው ቃል ላይ ስንደርስ ግን ክርክር ተነሣ።

ይህ ክርክር ለእኔ ከሁሉ የበለጠ ትምህርት የሰጠኝ ነበር። በእኛ አገር ታናሽ ታላቁን «ጋሼ»፣ «እትዬ» ብሎ ይጠራል፤ ታላቅም ታናሹን «ልጄ» ይላል። መልካም ልማድ ነው፤ ማንም እንዲጠፋ አይመኝም። ነገር ግን በሥራ ቦታ ሲገባ አንዳንድ ጊዜ ሌላ አገልግሎት ይሰጣል። አሠሪዋ «እንደ ልጄ ነው የማያት» ስትል ከልቧ ሊሆን ይችላል። ሆኖም ልጅ የሥራ ሰዓት የላትም፤ ልጅ የዕረፍት ቀን አትጠይቅም፤ ልጅ ለእናቷ ስታግዝ ሒሳብ አይያዝም። በዚህ መንገድ ደመወዝ የሚባለው ነገር ከፍቅር ቃል ሥር ይደበቃል። ከሦስቱ አንዷ በዕድሜ ገፋ ያለች ወጥ ሠሪ ነበረች። እስከዚያ ድረስ ዝም ብላ ትሰማ ነበር። «እናታችን አትበሏት» አለች። «የእኔ እናት ሞታለች። እትዬ በሏት፤ እትዬነቷን ማን ይወስድባታል?» እንዲሁም ሆነ። ማመልከቻው «ለተከበሩ እትዬ» ብሎ ጀምሮ «ሠራተኞችዎ» ብሎ አበቃ።

ቋንቋው ተስተካከለ እንጂ ትልቁ ችግር ገና ነበር። በዚያ ቁርስ ቤት የሚሠሩት አምስት ሰዎች ናቸው። ከአምስቱ ሦስቱ ቢፈርሙ፣ ሦስቱን አሰናብቶ በማግሥቱ ሌሎች ሦስት መቅጠር ይቻላል። ይህ ባዶ ስጋት አልነበረም። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ ዞኖች በተነሣው ግጭት ወደ አንድ ሚልዮን የሚጠጋ ሕዝብ ከቀዬው ተፈናቅሎ ነበር። ቤቱንና ማሳውን ጥሎ የወጣ ሰው ያገኘውን ሥራ በተባለው ዋጋ ይይዛል፤ ሊፈረድበትም አይገባም። ከሦስቱ ጎብኚዎቼ አንዷ ራሷ በዚያ ጊዜ ከነእናቷ ተፈናቅላ የመጣች ነበረች። «እኔ እንዴት እንደተቀጠርሁ አውቃለሁ፤ ከእኔ በፊት የነበረችው ጭማሪ ጠይቃ ነው የወጣችው» ብላ ነገረችን።

በጊዜው አዲስ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ወጥቶ ነበር፤ ቁጥር 1156/2011 የሚባለው። ከጓደኛ ተውሼ አንድ ላይ አነበብነው። የሕግ አማርኛ ለተማሪ ከባድ ነው ይባላል፤ እነዚህ ሴቶች ግን ጉዳዩ የራሳቸው ስለ ነበር ከእኔ ፈጥነው ይረዱት ነበር። መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት መብለጥ እንደሌለበት፤ በየሳምንቱ ያልተቋረጠ የ24 ሰዓት ዕረፍት እንደሚገባ፤ በቀን የሚሠራ የትርፍ ሰዓት ሥራ በአንድ ተኩል እጥፍ፣ በሌሊት የሚሠራው ደግሞ በ1.75 እጥፍ እንደሚከፈል፤ ሠራተኛው በጽሑፍ ካልተስማማ ወይም ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ ወይም የፍርድ ቤት ትእዛዝ ከሌለ ከደመወዝ መቁረጥ እንደማይቻል አነበብን። ይህን ጽሑፍ የሚያነቡ ተማሪዎች ዕድሜ የሚመለከት አንቀጽም አለ። ከ15 ዓመት በታች የሆነ ሰው መቅጠር ክልክል ነው፤ ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለው ወጣት ሠራተኛም በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ እንዲሁም ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ መሥራት የለበትም። ዕቃ አጣቢዋ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር።

ሁላችንንም ዝም ያሰኘን ግን ስለ ሠራተኞች ማኅበር የሚናገረው ክፍል ነው። ማኅበር ለማቋቋም ቢያንስ አሥር አባላት ያስፈልጋሉ። ከአሥር ያነሱ ሠራተኞች ባሉባቸው ድርጅቶች የሚሠሩ ሰዎች ግን ከየድርጅቱ ተሰባስበው፣ አባሎቻቸው ከአሥር እስካላነሱ ድረስ፣ ጠቅላላ የሠራተኞች ማኅበር ማቋቋም ይችላሉ። የመደራጀት መብት በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 42 የተረጋገጠ መሆኑን በክፍል ውስጥ ደጋግሜ አስተምሬያለሁ፤ አምስት ሠራተኛ ያለው ቁርስ ቤት በዚህ ውስጥ በምን በኩል እንደሚገባ ግን ያየሁት ያን ምሽት ነው። አንድ ቤት ብቻውን አሥር አይሞላም። ሁለት ቤት፣ ሦስት ቤት ግን ይሞላል።

አሥር ሰው ከየት ይመጣል? እዚህ ላይ የእኔ ምክር አላስፈለገም፤ አሥሩ አስቀድሞ ነበሩ። በመናኸሪያው አካባቢ ከሚገኙ ቁርስ ቤቶች የተውጣጡ ሴቶች ዕቁብ ነበራቸው። ከየዕለቱ ጉርሻ እያዋጡ፣ በየሳምንቱ ዕጣ እያወጡ፣ አንዳቸው የሌላቸውን ገንዘብ ሳይበሉ ሁለት ዓመት ቆይተዋል። ገንዘቡን ያመነ ሰው ፊርማውንም ማመን አይከብደውም። ለነገሩ ይህ አካሄድ በአገራችን የሠራተኛ ታሪክ ውስጥ አዲስ አይደለም። እስከ 1954 ዓ.ም. ማብቂያ ድረስ የሠራተኛ ማኅበር በሕግ የታወቀ ስላልነበረ በፋብሪካና በእርሻ ልማት የሚሠሩ ሰዎች በዕድር ስም ይሰባሰቡ ነበር። በዚያ ዓመት የወጣው ድንጋጌ መንገዱን ከከፈተ በኋላ በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር ተመሠረተ፤ የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሠራተኞችም በምሥረታው ግንባር ቀደም ነበሩ። ይኸው ማኅበር ከየካቲት 28 ቀን 1966 ዓ.ም. ጀምሮ ለአራት ቀናት ያካሄደው አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ ካነሣቸው ጥያቄዎች መካከል የዝቅተኛ ደመወዝ ወለል ይወሰን የሚለው ይገኝበታል። ከ45 ዓመት በኋላ የወጣው የ2011ዱ አዋጅ ወለሉን የሚያጠና የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ደነገገ እንጂ ወለሉን ራሱን አላስቀመጠም። በዚያው ዓመት የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን የንግድ ትምህርት ቤት ያወጣው ጥናት በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የሚሠሩ ልብስ ሰፊዎች የመነሻ ደመወዝ በወር 26 የአሜሪካ ዶላር መሆኑንና ይህም በዓለም የልብስ ስፌት ኢንዱስትሪ ዝቅተኛው እንደሆነ ገልጾ ነበር። ትልቅ ፋብሪካ እንዲህ ከከፈለ በመንገድ ዳር ያለ ቁርስ ቤት ምን ይከፍላል ብሎ መገመት አያዳግትም።

ፊርማው የተሰበሰበው በዕቁቡ ቀን ነው። እዚያም አንድ ብርቱ ጥያቄ ተነሣ፤ ማን ይቅደም? የመጀመሪያው ስም የአሳማጭ ስም ተደርጎ ይወሰዳል፤ ቁጣም ሆነ ስንብት የሚያርፈው እርሱ ላይ ነው። የተማሪዬ ሐሳብ እርሷ እንድትቀድም ነበር። ሌሎቹ እምቢ አሉ። ጌዴኦ ሽማግሌዎች በሶንጎ ተቀምጠው ነገሩን እስኪስማሙበት ድረስ እንደሚያመላልሱት፣ እነዚህም አመላለሱት። ከዚያ ወጥ ሠሪዋ «በሀሁ ይሁን» አለች። ሀሁ ማንንም አይፈራም፤ ለማንም አያዳላም። ችግሩ ግን ስሟ በ«ሀ» የሚጀምረው ያችው አሥራ ስድስት ዓመት የሆናት ዕቃ አጣቢ መሆኗ ነው፤ ከሁሉ ይልቅ የምትፈራው እርሷ ነበረች። ይለወጥ ቢሏት ራሷን ነቀነቀች። ስክሪብቶውን አጥብቃ ይዛ፣ ፊደሎቹን አንድ በአንድ እያሰፈረች፣ የመጀመሪያው መስመር ላይ ሙሉ ስሟን ከነአያቷ ጻፈች። ይህን የነገረችኝ ተማሪዬ ነች፤ ወረቀቱን ግን በኋላ አይቼዋለሁ። የእርሷ ጽሕፈት ከዘጠኙ ሁሉ ይልቅ ይነበባል።

ማመልከቻው በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት ለየአሠሪዎቹ ተሰጠ። የአካባቢው ታሪክ ሌላ ዓይነት ጥያቄም ያውቃል፤ እ.ኤ.አ. በ1960 የጌዴኦ ገበሬዎች በባለ መሬቶች ላይ ተነሥተው ሚጭሌ ላይ ደም ፈስሷል። አሁን የተሰጠው ግን አንድ ገጽ ወረቀት ነው። ቢሆንም መናኸሪያው አካባቢ ለሳምንት ሌላ ወሬ አልነበረም።

ከአሠሪዎቹ አንዷ ወደ ቤቴ መጣች። ቡና ተፈልቶላት እስኪቀርብ ድረስ አንዲት ቃል አልተናገረችም። «መምህር፣ እርስዎን አከብራለሁ። ልጆቼን ለምን አሳመፁብኝ?» አለችኝ። ያመፀ ሰው ፊርማውን ከነሙሉ ስሙ እንደማያቀርብ ነገርኋት። ከዚያ በኋላ የልቧን አጫወተችኝ። ኪራዩ በየዓመቱ ይጨምራል፤ የዘይት ዋጋ አንድ ቦታ አይቆምም፤ ግብሩም አለ። እርሷም በአንድ ሆቴል ጓዳ ዕቃ እያጠበች ዘጠኝ ዓመት ቆይታ፣ ከዚያም በጉሊት ሽንኩርት ነግዳ ነው ይህን ቤት የከፈተችው። «እኔን ማን ዕረፍት ሰጠኝ?» አለች። ንግግሯ እውነት ነበረ፤ እንዲህ ያለውን ሰው ጨካኝ ብሎ መጥራት ነገሩን አለመረዳት ይመስለኛል። ይሁን እንጂ ዘጠኝ ዓመት ያለ ዕረፍት መሥራቷ ለሌላዋ ሴት ያለ ዕረፍት መሥራት ምክንያት አይሆንም።

ወረቀትና እርሳስ አመጣሁ። አምስት ሠራተኞች አሉ፤ ሳምንቱ ሰባት ቀን ነው። እያንዳንዷ በተለያየ ቀን ብታርፍ በሳምንት አምስት ቀን አራት አራት ሆነው ይሠራሉ፤ ገበያው በሚደምቅባቸው ሁለት ቀናት ደግሞ አምስቱም ይገኛሉ። ሌላ ሰው መቅጠር አያስፈልግም። ወረቀቱን ረጅም ጊዜ አየችው። «ይህን ማን አሰበው?» አለች። ያሰቡት እነርሱ መሆናቸውንና ሒሳቡ በማመልከቻው ጀርባ ላይ መጻፉን ነገርኋት። የፊቱን ገጽ ብቻ አንብባ ኖሯል።

ውጤቱ እኩል አልነበረም። በአብዛኞቹ ቤቶች የሳምንቱ ዕረፍት ተፈቀደ። የብርጭቆው ቅጣት ቀረ። ደመወዝ የጨመሩት ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ ስለ ትርፍ ሰዓት ክፍያ ማንም ቃል አልሰጠም። አንደኛው አሠሪ ደግሞ ወጥ ሠሪዋን ያን ዕለት አሰናበታት። የማኅበር አባል መሆንም ሆነ አቤቱታ ማቅረብ ሠራተኛን ለማሰናበት ሕጋዊ ምክንያት እንደማይሆን አዋጁ በግልጽ ይናገራል፤ ክስ እንድታቀርብም መከርናት። «ፍርድ ቤት የሚመላለስ ሰው እንጀራውን መቼ ይጋግራል?» ብላ እምቢ አለች። የዚያ ሳምንት የዕቁብ ዕጣ ሳይወጣ ቀረ፤ ገንዘቡ ያለ ዕጣ ለእርሷ ተሰጣት። በዚያ ገንዘብ ምድጃና ብረት ምጣድ ገዝታ መናኸሪያው በር ላይ ቦንቦሊኖ ማውጣት ጀመረች።

ጠቅላላ ማኅበሩን ለማስመዝገብ መተዳደሪያ ደንብ ማርቀቅ ጀምረን ነበር። ስለ አባልነት መዋጮ የሚናገረው አንቀጽ ላይ ስንደርስ መጋቢት 2012 ዓ.ም. ሆነ፤ የኮሮና በሽታ ወደ አገራችን መግባቱም ተነገረ። መናኸሪያው ጭር አለ። በመጋቢት መጨረሻ የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ማስፈጸሚያ ደንብ ሠራተኛ ማሰናበትንና ተከራይ ማስወጣትን ከልክሎ ነበር። ነገር ግን ስሙ በመዝገብ ያልሰፈረ፣ የሥራ ውል በጽሑፍ ያልያዘ ሰው ሠራተኛ መሆኑን በምን ያስረዳል? ከአሥሩ ስድስቱ ሥራቸውን አጡ። ፊርማ ያረፈበት ማመልከቻ ለአንዳንዶቹ ያን ጊዜ ሌላ ጥቅም ሰጠ። አሠሪዋ በኅዳር ወር «ተቀብያለሁ» ብላ የፈረመችበት ቅጂ በዚያ ቤት ሠራተኛ መሆናቸውን የሚመሰክር ብቸኛ ወረቀት ነበር። ሁለቱ ይህን ይዘው ሄደው ያልተከፈላቸውን የወር ደመወዝ ተቀበሉ። ዕቃ አጣቢዋ ወደ ገደብ፣ ወደ ቤተ ሰቦቿ ተመለሰች።

የሌላው ዓለም ታሪክም ከዚህ የራቀ አይደለም። እ.ኤ.አ. ኅዳር 29 ቀን 2012 በኒው ዮርክ ከተማ 200 ያህል የፈጣን ምግብ ቤት ሠራተኞች ሥራ አቁመው በሰዓት 15 ዶላርና የመደራጀት መብት ጠየቁ። በጊዜው የአገሪቱ ፌዴራላዊ የደመወዝ ወለል በሰዓት 7.25 ዶላር ስለ ነበር ብዙ ሰው እንደ ቀልድ ቆጥሮት ነበር። በካሊፎርኒያ ክፍለ ግዛት በትልልቅ የፈጣን ምግብ ኩባንያዎች ቤቶች ለሚሠሩ ሰዎች የሰዓቱ ወለል 20 ዶላር የሆነው እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 ነው። መካከል ያለው ጊዜ ከ11 ዓመት በላይ ነው፤ አንዲት የአንደኛ ክፍል ተማሪ ሁለተኛ ደረጃን የምትጨርስበት ዘመን ማለት ነው።

ለዲላ ሰው ይበልጥ የሚቀርበው ግን የስታርባክስ ወሬ ነው። ኩባንያው የይርጋ ጨፌን ቡና በየአገሩ የሚሸጥ፣ ኢትዮጵያም ይርጋ ጨፌ፣ ሲዳሞና ሐረር የሚሉትን ስሞች በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ስትነሣ ክርክር ውስጥ የገባ፣ በመጨረሻም በሰኔ 1999 ዓ.ም. የተስማማ ነው። በእኛ ወገን ፍሬውን የሚለቅሙ ሴቶች አሉ፤ በዚያ ወገን ደግሞ ቡናውን በኩባያ የሚቀዱ ወጣቶች አሉ። ኅዳር 30 ቀን 2014 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት፣ ቡፋሎ በምትባል ከተማ፣ በኤልምዉድ ጎዳና የሚገኘው የስታርባክስ ቤት ሠራተኞች ማኅበር ለማቋቋም ድምፅ ሰጡ። የደገፉት 19፣ የተቃወሙት 8 ነበሩ። በኩባንያው በቀጥታ ከሚተዳደሩት የአሜሪካ ቤቶች መካከል በዚያ ጊዜ ሌላ የተደራጀ አልነበረም፤ በሦስት ዓመት ጊዜ ውስጥ ግን ከ500 በላይ ቤቶች ተከተሉት። ኩባንያውን የሚያህል ነገር በ19 ሰው ድምፅ መነቅነቁ ብዙዎችን አስደነቀ። እኔን ያስደነቀኝ ቍጥሩ ማነሱ ነበር።

በዚያው ክረምት ለሥራ ወደ ዲላ ስሄድ ተማሪዬን አገኘኋት። በሌላ ቁርስ ቤት ዋና አስተናጋጅ ሆና ነበር። ዕቁቡ ዳግመኛ ተቋቁሞ አሥራ አራት ሰው ደርሷል፤ የደንቡን ረቂቅም በፕላስቲክ ሸፍና አስቀምጣዋለች፤ የአባልነት መዋጮው አንቀጽ እንዳለ ባዶ ነው። የቡፋሎውን ወሬ አጫወትኋት። ስንት ሰው ደግፎ ስንት ሰው እንደተቃወመ ስነግራት በጣቷ ጠረጴዛው ላይ አንድ ነገር ስትደምር ቆየች።

«ስምንቱስ?» አለችኝ።

«የትኞቹ ስምንት?»

«እምቢ ያሉት ናቸዋ። እዚያው ቤት ከአሥራ ዘጠኙ ጋር ነው የሚሠሩት? ጠዋት ሲገናኙ እንዴት አደራችሁ ይባባላሉ?»

ለመመለስ ሳስብ ከጓዳ ተጠራች። ሁለት ፉልና አንድ ጨጨብሳ ደርሶ ነበር።